የዳኩ ውድድር

አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ የዋሸሁት ትልቁ ውሸት አንድ ቃል ብቻ ነበር። «ኤዬ» ይባላል። በኦሮምኛ «አዎ» ማለት ነው። ይህችን አንድ ቃል ይዤ አምቦ ውስጥ ስድስት ወር ኖሬያለሁ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጥሩ ኑሮ ነበር።

ዘመኑ 1976 ነው። አባቴ ከድሮ አገራችን ከስልጤ ጠቅልሎ አነሣንና ሁሉቃ ድልድይ አጠገብ ወፍጮ ቤት ከፈተ። የትምህርት ቤታችን ማኅተም «ሀገረ ሕይወት» ይላል፣ የአውቶቡሱ ረዳት ደግሞ «አምቦ፣ አምቦ» እያለ ይጣራል። ከተማው ሁለት ስም እንዳለው ሁሉ ልጆቹም ሁለት ቋንቋ አላቸው። ወሬውን በአማርኛ ይጀምሩትና መሐሉ ላይ በኦሮምኛ ያስኬዱታል፣ ሲያሰኛቸው በአማርኛ ይጨርሱታል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ መሐሉ ላይ እጠፋለሁ። የስድስተኛ «ሀ» ልጆች መጀመሪያ ቀን ከብበው ብዙ ነገር ጠየቁኝ፤ ግማሹ ስላልገባኝ ዝም አልኩ፣ ኩሩ መሰልኳቸውና ተበተኑ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምሳዬን ብቻዬን በላሁ። እቤት ከአንድ ትሪ ስምንት ሆነን ለምንበላ ልጅ ይህ ቅጣት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ድንቅቱ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። የኦቦ ኤጄታ ልጅ ናት፤ አባቷ ጤና ጣቢያው ውስጥ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ነው። ረጅም ናት፣ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው፣ ስትስቅ የምትደገፈው ነገር ትፈልጋለች። «ኦሮምኛ ትችያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ። «አልችልም» ብላት ተነሥታ ልትሄድ ትችላለች። ምሳ ደግሞ ገና ግማሽ ይቀረኛል። «ኤዬ» አልኳት።

ደስ አላት። አማርኛ ስትናገር ለአስተማሪ መልስ የምትመልስ እንደሚመስላት፣ የልቧን መናገር የምትችለው በኦሮምኛ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልቧን ስትነግረኝ ኖረች። እኔም ደንብ አወጣሁለት። ስትስቅ እስቃለሁ። ግንባሯን ስትቋጥር እቋጥራለሁ። ንግግሯን አቁማ ዓይኔን ካየችኝ «ኤዬ» እላለሁ። አሁንም ማየቷን ካልተወች «ባዬ ጋሪዳ» ብዬ እጨምራለሁ፤ በጣም ጥሩ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ በአማርኛ የማወራው አላጣም፤ እሷ ሁሉም ይገባታል። ወላሂ፣ ሁለታችን ስንሄድ ለሚያየን ሰው ከተማው ውስጥ እንደኛ የሚግባባ ጓደኛ አልነበረም። በጣም ነበር የምወዳት። ስለምወዳትም ነው እውነቱን መናገር በየሳምንቱ እየከበደኝ የሄደው።

በርግጥ ጥቂት ቃላት በራሴ ለቅሜያለሁ፤ ሁሉም ግን ከወፍጮ ቤት የተለቀሙ ናቸው። ሊያስፈጩ የሚመጡት እናቶች ስንዴውን «ቀመዲ» ይሉታል፣ ተፈጭቶ ሲወጣ «ዳኩ» ይሉታል። ዳኩ ዱቄት ነው። ይህን በደንብ አውቃለሁ፣ ማንም አያታልለኝም ብዬ ኮራሁ። የኔ ጣጣ የመጣው ከማላውቃቸው አንድ ሺህ ቃላት መሰላችሁ? ከዚህች ከማውቃት ነው የመጣው።

መጋቢት ውስጥ አንድ ሰኞ ድንቅቱ እየሮጠች መጣች። ረጅም ነገር ተናገረች፤ ከውስጡ የያዝኩት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ «ሁሉቃ»፣ ወንዙ። ሁለተኛ «ዳኩ»። ሦስተኛ «ቤክታ»፣ ታውቂያለሽ ወይ። የኛ ወፍጮ ቤት ሁሉቃ ዳር አይደል? ሁሉቃ ዳር ያለውን የዱቄት ሥራ ታውቂያለሽ ወይ እያለችኝ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የጥያቄው ትርጉም ሙሉ በሙሉ ስለገባኝ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ።

«ኤዬ!» አልኩ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ሁልጊዜ እዚያው ነኝ።»

«ብቻሽን?» አለች፣ በአማርኛ። በጣም ስትገረም አማርኛ ይቀድማታል።

«ከአባቴ ጋር ነዋ። እሱማ ጠዋት የገባ ማታ ነው የሚወጣው።»

«ማታ? አይበርደውም?»

«ኧረ ይሞቀዋል እንጂ፤ ላብ በላብ ሆኖ ነው የሚወጣው።»

ዓይኗ ፈጠጠ። ትንሹ ወንድሜ ፈዲሉም ይገባ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይገባል፣ ሲወጣ ግን ነጭ ሆኖ ይወጣል አልኳት። እሷም ብዙ ከቆየች ቆዳዋ ነጭ እንደሚሆን ነገረችኝ። እሷ ዱቄት ቤት ምን ትሠራለች ብዬ ትንሽ ገረመኝ፤ ግን አላነሣሁትም። እናቴስ? እናቴ ድሮ ትገባ ነበር፣ አሁን ግን ያስላታል አልኩ። ድንቅቱ እጄን ጨብጣ ነዘነዘችኝና ወደ ልጆቹ ሮጠች። ወዲያው ወሬው ክፍሉን አዳረሰው፤ ቅዳሜ የዳኩ ውድድር አለ፣ የስድስተኛ «ሀ» ጥንዶች ድንቅቱና ሹኩሪያ፣ ማለትም እኔ፣ ነን፣ ተጋጣሚው ስድስተኛ «ለ» ነው።

የዱቄት ውድድር የሚባል ነገር አለ ወይ ትሉኝ ይሆናል። በዚያ ዘመን ያልነበረ ውድድር ነበረ እንዴ? የችግኝ ተከላ ውድድር ነበር፣ የጽዳት ውድድር ነበር፣ የእርከን ሥራ ውድድር ነበር፣ አሸናፊውም በሰልፍ ላይ ይጨበጨብለት ነበር። የኛ ቀበሌ ደግሞ መዋዕለ ሕፃናት ከፍቶ ለሕፃናቱ ገንፎ ዱቄት አምጡ ሲል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። ብዙ ዱቄት ያመጣ ክፍል ያሸንፋል ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልገጠመልኝም፤ እሷም ባየሽ ናት። ባየሽ ከድንቅቱ ጋር ሁለት ዓመት አብራ የተወዳደረች ልጅ ናት። ዘንድሮ ድንቅቱ እሷን ትታ እኔን መያዟን ስትሰማ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና ምንም ሳትል ሄደች። ወፍጮ ስላለን ቀንታ ነው ብዬ አዘንኩላት።

ዓርብ ዕለት ድንቅቱ ምክር ሰጠችኝ፣ ከባየሽ ጋር በአማርኛ እየተጣላች ስለነበር ለኔም በዚያው በአማርኛዋ። ጠዋት ብዙ አትብዪ፣ ይከብድሻል አለችኝ። እርግጥ ነው፣ እህል ተሸክሞ መሄድ አለ። ፀጉርሽን ጠቅልለሽ እሰሪ አለች። ይህንንማ እኔ ለሷ ብነግራት ይሻላል፤ ዱቄት ፀጉር ውስጥ ገብቶ አይወጣም። አሮጌ ቀሚስ ልበሺ አለች። ሌላስ ምን ይለበሳል? እቤት ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። ክፍላችን ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ እህል ይዞ ይመጣል አልኩት። አባቴ ሴት ልጁ በስድስት ወር ውስጥ የክፍል ተወካይ ሆና ሲያይ እንዲያ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም። ተሰላፊውን ሁሉ አስቆማለሁ፣ ሞተሩንም አሙቄ እጠብቃችኋለሁ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አሥር ኪሎ ስንዴ በከረጢት አዝዬ፣ ፀጉሬን በሻሽ ጠቅልዬ፣ በባዶ ሆዴ ወጣሁ። የቀጠሮው ቦታ ከድልድዩ በታች፣ ሴት ልጆች ልብስ የሚያጥቡበት የወንዙ መታጠፊያ ነው። እዚያ ተሰብስበን አብረን ወደ ወፍጮ ቤት የምንሄድ ነበር የመሰለኝ። ከሁለቱም ክፍል ሃያ የሚሆኑ ልጆች ቆመዋል። ሁሉም አሮጌ ቀሚስ ለብሰዋል። እህል የያዘ ግን አንድም የለም።

ድንቅቱ ከረጢቱን አየች። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ስንዴ ነው አልኳት። ለምን አለች። «ለዳኩው ነዋ» አልኩ።

በዚህ መሐል ከማዶ አንዲት የስድስተኛ «ለ» ልጅ ከድንጋዩ ላይ ዘላ ወንዙ ውስጥ ገባች። እጇን እያፈራረቀች፣ እግሯን እያንቦራጨቀች እየዋኘች መጣች። ልጆቹ ሁሉ እያጨበጨቡ «ዳኪ! ዳኪ!» አሏት። ለካስ ዳኩ ዱቄት ብቻ አይደለም፤ በኦሮምኛ ዋናም ዳኩ ነው። በሕይወቴ አንድ ቃል እንደዚያ በፍጥነት ተምሬ አላውቅም።

እኔ እስከዚያ ቀን ከእግር መታጠቢያ ሳፋ የጠለቀ ውኃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። አሁን ልናገር፣ አሁን እውነቱን ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት ባየሽ ቀደመችኝ። ሻምፒዮኗ የምትዋኘው ከረጢቷን አዝላ እንደሆነ ጠየቀች። ልጆቹ ሳቁ። ድንቅቱ ግን ፊቷ ቀልቶ ከፊቴ ቆመችልኝ። እነ ሹኩሪያ አገር ዋናተኛ ክንዱን የሚያጠነክረው እህል ተሸክሞ ነው፣ የማታውቂውን አትናገሪ አለቻት። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ ለኔ ስትል እዚያው የፈጠረችው ነው። ሰው እንዲህ ከተከራከረልሽ በኋላ እንዴት ብለሽ «ዋሽቻለሁ» ትያለሽ? ከረጢቱን አወረድኩ። ቢስሚላሂ ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ዘለልኩ።

ውኃው በአፍንጫዬ ገባ፣ በጆሮዬ ገባ። መውጫው ላይ ነው የተቸገረው። ሰማዩና ወንዙ ቦታ ተለዋወጡብኝ። በስልጢኛ እናቴን ጠራሁ፣ በዐረብኛ አላህን ጠራሁ፣ በአማርኛ «ሞትኩ» አልኩ። ከዳር ሃያ ሰው «ካኢ! ካኢ!» እያለ ይጮኻል። ከሁሉም በላይ የምትጮኸው ድንቅቱ ናት፤ «ሹኩሪያ፣ ካኢ!» ትላለች። ሰው ሊሞት ሲል የሚባል ነገር ነው ብዬ አሰብኩ፤ ይባስ ፈራሁና ይባስ ተንቦጫረቅሁ። በመጨረሻ ባየሽ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ፣ ቀስ ብላ በአማርኛ አንድ ቃል ተናገረች።

«ቁሚ።»

ቆምኩ። ውኃው እምብርቴ ጋ ደረሰ።

«ካኢ»ም ለካስ «ተነሺ» ማለት ኖሯል። የሁሉቃ ወንዝ ዳር እንዲያ ተስቆበት አያውቅም። አንዷ መሬት ላይ ተንከባለለች፣ አንዷ እንባዋን በቀሚሷ ጠረገች። እኔ ራሴ አፍንጫዬ ውኃ እያንጠባጠበ ሳቅሁ። ድንቅቱ ብቻ አልሳቀችም። እየተራመደች ውኃው ውስጥ ገባችና ፊት ለፊቴ ቆመች። አጭር ነገር በኦሮምኛ ጠየቀችኝ። ዓይኔን አየችኝ። የለመደብኝ ነገር አይደል፣ ከአፌ አመለጠ።

«ኤዬ» አልኳት።

«‹ዋሽተሽኛል ወይ?› ነው ያልኩሽ» አለች በአማርኛ።

በስድስት ወር ውስጥ የሰጠኋት ብቸኛው ትክክለኛ መልስ ይህ ነው። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ታዲያ ያን ሁሉ ለማን ነበር የምነግረው?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ዞራ ወጣች።

እኔም ወጥቼ ከረጢቱ ላይ ተቀመጥኩ። የሳቁብኝ ነገር ምንም አልመሰለኝም፤ ይህን ጥያቄዋን ግን ለራሴ ደጋገምኩት። ስድስት ወር ሙሉ የልቧን ነግራኛለች። እኔ ደግሞ ምሳዬን እየበላሁ ጭንቅላቴን ነቅንቄያለሁ። ምን ነግራኝ ይሆን? የቱ ጋ ነው ያላግባብ የሳቅሁት? አሁን ሄጄ ይቅርታ ብላትስ በየትኛው ፊቴ? እንደገና ብቻዬን ምሳ ስበላ ታየኝ፤ ያም ቢሆን እንደ እሷ ጥያቄ አላስፈራኝም።

ውድድሩ ቀጠለ። ድንቅቱ ወደ ባየሽ ሄደች፤ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፣ ባየሽ ግን ብዙም ሳታስለምን ሻሿን ፈታች። አንደኛዋ ዋኝታ ማዶ ያለውን ድንጋይ ትነካለች፣ ሁለተኛዋ ከዚያ ተቀብላ ትመለሳለች። ባየሽ ስትሄድ ከ«ለ» ልጅ በአንድ ክንድ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር፤ ድንቅቱ ስትመለስ ግን ከፍጥነቷ የተነሣ እጆቿ አይታዩም ነበር። አሸነፉ። የውድድሩ ሽልማት፣ ሴቶቹ የሚዋኙበት ጥልቅ ኩሬ፣ ክረምት እስኪገባ የስድስተኛ «ሀ» ሆነ። ከሩቅ አጨበጨብኩ። ድንቅቱ አላየችኝም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች።

በዚህ ጊዜ ፈዲሉ ከድልድዩ ላይ እየጮኸ ወረደ። አባባ ሰልፉን በሙሉ አስቁሟል፣ ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እየዞረ ነው፣ እናቶቹ እየተቆጡ ነው፣ የዱቄት ተወዳዳሪዎቹ የት ቀሩ ብሏል አለ። ልጆቹ የምን ዱቄት ብለው ዞሩ። መደበቅ ሰልችቶኝ ነበርና ተነሥቼ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተናዘዝኩ። ወፍጮ ቤት የለቀምኩትን ቃል፣ አባቴ ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣበትን፣ የገንፎውን ዱቄት፣ ሁሉንም። «ሲወጣ ነጭ ሆኖ ይወጣል» ያልኩት ላይ ስደርስ ባየሽ ራሷ ሆዷን ይዛ ቁጭ አለች። ሳቋን ስትጨርስ፣ ሰውየው ከሚያፍር አብረን እንሂድ አለች። ከረጢቱን ለማንሣት ጎንበስ ስል በሌላኛው ጫፍ አንድ እርጥብ እጅ አየሁ። ድንቅቱ ናት። ቃል አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም፤ ሳይገባኝ መናገር ይበቃኛል ብዬ።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሃያ እርጥብ ልጆች አንድ ትንሽ ከረጢት ይዘው ሲመጡ አየ። ከረጢቱን አየ፣ እኛን አየ፣ እኔን ደግሞ ለየት አድርጎ አየኝ። እንግዳ ፊት ልጅ መቆጣት አይወድምና ስንዴውን ተቀብሎ አፈሰሰው። ልጆቹ ዱቄቱ ሲወርድ ለማየት ቋቱን ከበቡት። ወፍጮ ቤት ውስጥ የሚበነው ዱቄት ደረቅ ሰው ላይ ነጭ ብናኝ ነው፤ እርጥብ ሰው ላይ ግን ሊጥ ነው። በአፍታ ውስጥ ሁላችንም ቅንድባችን ተጣበቀ፣ ጣቶቻችን ተጋገሩ። ባየሽ ጉንጯን ስትጠርግ ጢም አበቀለች። ሰልፍ ላይ የነበሩት እናቶች ቁጣቸውን ረስተው ይስቁ ጀመር።

ድንቅቱ አጠገቤ ነበረች። ሞተሩ እየጮኸ ስለሆነ ጆሮዋ ድረስ ተጠግቼ ጮኽኩ። የነገርሽኝን ሁሉ እንደገና ንገሪኝ አልኳት። የቱን ብላ ጮኸች። ሁሉንም፣ ከትልቁ ጉዳይ ጀምረሽ አልኳት። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ ለአስተማሪ መልስ እንደምትመልስ ሁሉ ቀጥ ብላ ቆመችና በአማርኛ መጮህ ጀመረች። አባቷ ወደ ጌዶ ጤና ጣቢያ ተዛውሯል። ፈተናው እንዳለቀ፣ ክረምት ሳይገባ ሊሄዱ ነው። አባቴ የኛን ስንዴ ጨርሶ ሞተሩን ያጠፋው እዚህ ላይ ነው። እሷ ግን መጮኋን አላቆመችም።

«አንቺን ጥዬ መሄድ አልፈልግም!»

ቤቱ ሁሉ ሰማት። ባየሽ ሰማች፣ እናቶቹ ሰሙ፣ አባቴ እጁ ማጥፊያው ላይ እንዳለ ቀረ።

«መቼ ነው የነገርሽኝ?» አልኳት።

«የዛሬ ሦስት ሳምንት። ከትምህርት ቤቱ ኋላ።»

«ምን አልኩሽ?»

«‹ባዬ ጋሪዳ› አልሽኝ።»

ያኔ አለቀስኩ። እሷ ስላለቀሰች አይደለም፣ አላለቀሰችም ነበር። ግንባሯን ስለቋጠረችም አይደለም። የተናገረችው ገብቶኝ ነው ያለቀስኩት። እንባዬ ዱቄቱን እያቦካ አገጬ ላይ ሲንጠባጠብ ድንቅቱ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሊጥ በሆነ እጇ ክንዴን ያዘች።

«አልቅሺ» አለችኝ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻዬን ነበር ያለቀስኩት።»

እንደዚያ ብላ እሷም ተቀላቀለችኝ፤ ግማሹ ሳቅ ግማሹ ለቅሶ ሆነ፣ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየናል። አባቴ አንዴ እኛን፣ አንዴ ሰልፉን አየ። ከዚያ ምንም እህል ሳይጨምር ባዶውን ወፍጮ መልሶ አስነሣልን።